አሠልጣኙ ባክ ኦኒል

ዛሬ የአንድ አሠልጣኝ ታሪክ እንነግራችኋለን። ሰውየው ባክ ኦኒል ይባላል። አገሩ አሜሪካ ነው። በልጅነቱ እርሻ ላይ ሳጥን እየተሸከመ አድጓል። ካደገ በኋላ ተጫዋች፣ ቀጥሎም የቡድን መሪና አሠልጣኝ ሆኗል። እሱ ያስተማራቸው ልጆች ስማቸው በአገሩ ሁሉ ተጠራ። እሱ ግን ጥቁር በመሆኑ ብዙ ቦታ አትገባም ተብሏል። ትምህርት ቤት አትገባም ተባለ። ትልቁ ሜዳ አትገባም ተባለ። በ50 ዓመቱ፣ አሠልጣኝ ሆኖ ተቀጥሮ እንኳ፣ የአሠልጣኝ ቦታ ላይ እንዳይቆም ተደረገ።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 8 ወይም 7 ቀንሱ። ሒሳብ የጀመራችሁ ሞክሩት።

መጀመሪያ ጨዋታውን እንወቀው። ስሙ ቤዝቦል ነው። የገና ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ቤዝቦል አይከብደውም። በገና ጨዋታ ጥንጓ የምትመታው በዱላ ነው። በቤዝቦልም ኳሷ የምትመታው በዱላ ነው። ኳሷ ትንሽና ጠንካራ ናት፤ ልባሷ ቆዳ ነው። ልዩነቱ ምንድነው? በገና ጨዋታ ጥንጓ መሬት ላይ ትንከባለላለች። በቤዝቦል ግን አንድ ሰው ኳሷን በኃይል ይወረውራል፤ ሌላው ዱላ ይዞ ይጠብቃታል። ወርዋሪው መቺውን ሊያስት ይሞክራል። መቺው ኳሷን ካገኛት ዱላውን ጥሎ ይሮጣል። ሜዳው ላይ አራት ማረፊያዎች አሉ። አራቱን ዞሮ ከተነሣበት የደረሰ ሰው ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያገባል። የሌላው ወገን ተጫዋቾች ደግሞ 9 ሆነው በሜዳው ተበታትነው ይቆማሉ። በእጃቸው የቆዳ ጓንት አጥልቀዋል። ኳሷን ቀልበው፣ ሯጩን ቀድመው፣ ማረፊያው ጋ ካደረሷት ሯጩ ይወጣል። ኳሷ ከሜዳው አጥር በላይ በርራ ከሄደችስ? ያን ጊዜ መቺውን የሚያስወጣው የለም። እየተዝናና አራቱን ማረፊያ ይዞራል። የመቺ ሁሉ ምኞት ይህ ነው።

ታዲያ አሠልጣኝ ምን ይሠራል? አይመታም፤ አይሮጥም። ለምን ይከፈለዋል? ልጁን እርፍ ያስያዘ አባት መልሱን ያውቀዋል። ልጁ መጀመሪያ ትልሙን ያጣምመዋል። አባት ከጎኑ እየሄደ እጁን ያቀናለታል። በኋላ ሰው የሚያየው ቀጥ ያለውን ትልም ነው። ያቀናውን እጅ ማንም አያይም። የአሠልጣኝ ሥራ እንዲህ ነው።

በቤዝቦል ግን አሠልጣኝ በጨዋታው ሰዓትም ሥራ አለው። ሯጩ ሲሮጥ ኳሷ ብዙ ጊዜ ከበስተኋላው ናት። የት እንደደረሰች አያይም። ስለዚህ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ማረፊያ አጠገብ አንድ አንድ አሠልጣኝ ይቆማል። በእጁ ምልክት እያሳየ ሩጥ፣ ቁም ይላል። ሯጩ የሚያምነው የአሠልጣኙን ዓይን ነው። በተለይ ሦስተኛው ማረፊያ ላይ የሚቆመው አሠልጣኝ ኃላፊነቱ ከባድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነጥብ ነውና። ይህን ቦታ ልብ በሉት፤ ኋላ እንመጣበታለን። የአሠልጣኞቹ አለቃ ደግሞ የቡድን መሪ ይባላል። ማን ይሰለፍ፣ ማን ይውጣ የሚለውን የሚወስን እሱ ነው።

ባክ ኦኒል በ1911 ካራቤል በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ ያለችው ፍሎሪዳ በሚባለው የደቡብ ግዛት ነው። ሙሉ ስሙ ጆን ጆርዳን ኦኒል ነው፤ ባክ የቅጽል ስሙ ነው። አያቱ በባርነት የኖሩ ሰው ነበሩ። በአሜሪካ የባሪያ ሥርዓት በሕግ የቀረው በ1865 ነው። ሥርዓቱ ይቅር እንጂ መድልዎው አልቀረም። በደቡብ ክፍል የጥቁርና የነጭ ትምህርት ቤት ለየብቻ ነበር። የሚበሉበትም፣ የሚያድሩበትም፣ የሚቀበሩበትም ለየብቻ ነበር።

ቤተሰቡ ሳራሶታ ወደምትባል ከተማ ሄደ። አባቱ በሴለሪ እርሻ ይሠሩ ነበር። ሴለሪ አገዳው የሚበላ አትክልት ነው። ልጁም እዚያው ሥራ ገባ። ሥራው የታጨቀ ሳጥን መሸከም ነበር። አንድ ቀን ፀሐዩ ሲከብድበት ከሳጥኖቹ ጥላ ሥር ቁጭ አለ። ከዚህ የተሻለ ነገር መኖር አለበት ብሎ ጮክ ብሎ ተናገረ። አባቱ ለካ ከሳጥኖቹ ወዲያ ማዶ ነበሩ። ሰሙት። ልጁ ተቆጡ ብሎ ፈራ። አባቱ ግን አልተቆጡም። አዎን የተሻለ አለ፤ ግን እዚህ አታገኘውም፤ ሄደህ ፈልገው አሉት። ይህን ባክ ራሱ ካረጀ በኋላ ደጋግሞ ተርኮታል።

ሄዶ መፈለግ ቀላል አልነበረም። በሳራሶታ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነጮች ነበር። ባክ ደጃፉን እያየ ያልፋል እንጂ አይገባም። በመላው ፍሎሪዳ ጥቁር ልጆችን የሚቀበል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥቂት ነበር። ስለዚህ ከቤቱ ርቆ ጃክሰንቪል ወደምትባል ከተማ ሄደ። እዚያ ኤድዋርድ ዋተርስ የሚባል ትምህርት ቤት አለ። ያቋቋመው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ነው። ባክ ሁለተኛ ደረጃን እዚያ ጨረሰ፤ የኮሌጅ ትምህርትም 2 ዓመት ተማረ። ጎን ለጎን ቤዝቦል ይጫወት ነበር።

በዚያን ዘመን ትላልቆቹ የቤዝቦል ቡድኖች ጥቁር ተጫዋች አይቀበሉም ነበር። ይህ በሕግ መጽሐፍ የተጻፈ አልነበረም። የቡድኖቹ ባለቤቶች በመካከላቸው የተስማሙት ነገር ነው። ያልተጻፈ ሕግ አንዳንዴ ከተጻፈው ይጸናል፤ ማን ላይ ትከሳለህ? ጥቁሮቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1920 ሩብ ፎስተር የሚባል ጥቁር ተጫዋችና የቡድን መሪ ሌሎችን ሰብስቦ፣ ካንሳስ ሲቲ በምትባል ከተማ የጥቁሮች ሊግ አቋቋመ። ሊግ ማለት እርስ በርስ የሚወዳደሩ ቡድኖች ማኅበር ነው።

ባክ በ1937 ሜምፊስ ሬድ ሶክስ በሚባል የጥቁሮች ቡድን ተጫወተ። በ1938 ወደ ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ገባ። ሞናርክስ ዝነኛ ቡድን ነው። ከ1930 ጀምሮ መብራትና ሞተር በመኪና ጭኖ ይዞር ነበር። መብራቱን በየደረሰበት ይተክላል፤ ሰው ከሥራ ሲመለስ ማታ ይጫወታል። የነጮቹ ትላልቅ ቡድኖች በመብራት መጫወት የጀመሩት ከ5 ዓመት በኋላ ነው። የሞናርክስ ተጫዋቾች ኑሮ መንገድ ላይ ነበር። በአውቶቡስ ሲጓዙ አድረው፣ ሲነጋ ወርደው ይጫወታሉ። በየመንገዱ ያለው ምግብ ቤት ብዙውን ጊዜ አያስገባቸውም።

ባክ የሚጫወተው በመጀመሪያው ማረፊያ ነበር። ከየአቅጣጫው የሚወረወርለትን ኳስ እየቀለበ ሯጭ ያስወጣል። በ1942 ሞናርክስ ለጥቁሮች ሊግ ዋንጫ ሲጫወት 4 ለ 0 አሸነፈ፤ ባክም አብሮ ነበር። በ1943 ለጦርነቱ ተጠርቶ ባሕር ኃይል ገባ። እሱ በውትድርና ላይ ሳለ ጃኪ ሮቢንሰን የሚባል ወጣት ሞናርክስ ገባ። ሮቢንሰንን በ1945 አንድ የነጮች ቡድን አስፈረመው። በ1947 በትልቁ ሊግ ተጫወተ። ያልተጻፈው ሕግ ያን ጊዜ ፈረሰ። ባክ ግን 35 ዓመት ሞልቶት ነበር። ለተጫዋች ይህ እርጅና ነው። ሳይደርስበት አለፈው።

በ1946 ባክ አግብቶ ነበር። ባለቤቱ ኦራ የትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። እሱም በ1948 አስተማሪ ሆነ ማለት ይቻላል፤ የሞናርክስ የቡድን መሪነት ተሰጠው። እየተጫወተ ይመራል።

አሁን እንግዲህ ነገሩን አስተውሉ። በሩ መከፈቱ ለጥቁር ተጫዋቾች ደስታ ነው። ለጥቁሮቹ ቡድኖች ግን መከራ ሆነ። ሰዉ ገንዘቡን ይዞ ሮቢንሰንን ለማየት ሄደ። የጥቁሮቹ ሜዳ ባዶ ቀረ። ቡድኖቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ሞናርክስ የቆየው ተጫዋች እያፈራ ለትላልቆቹ በመሸጥ ነው። በአሜሪካ ትላልቅ ቡድኖች ከሥራቸው ትናንሽ ቡድኖች አሏቸው። እነዚህ በትናንሽ ከተሞች ይጫወታሉ፤ የታችኛው ሊግ ይባላሉ። የችግኝ ጣቢያ ማለት ነው። ልጆቹ እዚያ ያድጋሉ፤ ሲጠነክሩ ተነቅለው ወደ ላይ ይወሰዳሉ። ሞናርክስም ሳይሉት እንደዚያ ዓይነት የችግኝ ጣቢያ ሆነ። የጣቢያው ሰው ደግሞ ባክ ነበር። ችግሩ ይታያችሁ። አንድን ልጅ በደንብ ባስተማርከው ቁጥር ቶሎ ይወስዱብሃል። ነገ የምትሸነፈው ትናንት ጥሩ ስለ ሠራህ ነው። ባክ ይህን ሥራ እስከ 1955 ድረስ 8 ዓመት ሠራው።

ከችግኞቹ ሦስቱን እንጥራ።

አንዱ ኧርኒ ባንክስ ነው። ሞናርክስ የገባው በ1950 በ19 ዓመቱ ነው። ዝምተኛና ዓይን አፋር ልጅ ነበር። ባክ ጨዋታውን ብቻ አላስተማረውም፤ ሜዳ ላይ ተደስቶ መዋልን አስተማረው። በ1953 ቺካጎ ካብስ የተባለው ትልቅ ቡድን ገዛው። ቺካጎ ድረስ ይዞት የሄደው ባክ ነው። ባንክስ በታችኛው ሊግ አንድ ቀን እንኳ አልተጫወተም፤ ከሞናርክስ በቀጥታ ትልቁ ሜዳ ገባ። በሕይወቱ 512 ጊዜ ኳስ ከአጥር በላይ አብርሯል። በ1958 እና በ1959 በተከታታይ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በደስተኛነቱ ታወቀ። ያ ዓይን አፋር ልጅ!

ሁለተኛው ኤልስተን ሃዋርድ ነው። በ1955 የኒው ዮርክ ያንኪስ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። በ1969 ደግሞ እዚያው አሠልጣኝ ሆነ።

ሦስተኛው ጂን ቤከር ነው። እሱም ከሞናርክስ ወደ ካብስ ሄደ። ጨዋታ ሲያቆም ፒትስበርግ የሚባለው ትልቅ ቡድን በ1961 ባታቪያ በምትባል ከተማ ያለውን የታችኛውን ሊግ ቡድን አስረከበው። በትልቅ ቡድን ሥር ያለ ቡድን ለጥቁር መሪ ሲሰጥ በጣም አዲስ ነገር ነበር። በ1963 የፒትስበርግ አሠልጣኝ ሳለ መሪው በዳኛ ተባረረና ቤከር የዚያን ጨዋታ ቀሪ ሰዓት መራ። በትልቁ ሊግ የአንድ ቡድን ቋሚ መሪ የሆነ ጥቁር የተገኘው ግን በ1975 ነው። ከ1947 እስከ 1975 ድረስ 28 ዓመት! ጥቁር ሰው እንዲሮጥ ተፈቀደለት፤ ሩጥ ብሎ እንዲያዝ ለመፍቀድ ግን 28 ዓመት ፈጀ። እኛን የገረመን ይህ ነው። ጉልበቱን ተቀበሉ፤ ጭንቅላቱን አልተቀበሉም።

ወደ ባክ እንመለስ። ከሞናርክስ ሲወጣ ካብስ መልማይ አድርጎ ቀጠረው። መልማይ ማለት ያልታወቁ ልጆችን ፈልጎ የሚያመጣ ሰው ነው። ባክ መኪናውን እየነዳ በደቡብ ገጠር ዞረ። የጥቁሮቹን ኮሌጆች ያውቃቸዋል፤ እሱም ከዚያ ነው የወጣው። ከእነዚህ በአንዱ ሉ ብሮክን አገኘ። ብሮክ የጭሰኛ ቤተሰብ ልጅ ነው። በ1960 ለካብስ ፈረመ። ኋላ ወደ ሌላ ቡድን ሄዶ በሩጫው ጉድ አሰኘ፤ ወርዋሪው ሳያስበው ከማረፊያ ወደ ማረፊያ በመዝለል 938 ጊዜ ተሳካለት።

ባክ ልጅን የሚመዝነው በዓይኑ ብቻ አልነበረም፤ በጆሮውም ነው። በሕይወቴ ሦስት ጊዜ ብቻ የሰማሁት የዱላ ድምፅ አለ ይል ነበር። መጀመሪያ የሰማው በልጅነቱ ነው። ቤብ ሩት የሚባለው ዝነኛ ነጭ ተጫዋች ፍሎሪዳ መጥቶ ልምምድ ሲያደርግ ሰማ። ሁለተኛ ጊዜ ከጥቁሮቹ ሊግ ጆሽ ጊብሰን ሲመታ ሰማ። ከዚያ ወዲያ ወደ 50 ዓመት ያህል ያን ድምፅ አጣው። በ1986 በካንሳስ ሲቲ ቦ ጃክሰን የሚባል ወጣት ሲመታ እንደገና ሰማው። ይህ ቀልድ የሚመስለው ሰው ካለ እናቱን ይጠይቅ። በሙቀጫው ድምፅ ቡናው መላሙን የምታውቅ እናት ባክን ትረዳዋለች።

አሁን ልብ በሉ ወዳልነው ቦታ ደረስን። በ1962 ካብስ ባክን አሠልጣኝ አደረገው። በትላልቆቹ ሊጎች የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ እሱ ነው። ሹመቱ ግን ግማሽ ነበር። በዚያን ጊዜ ካብስ አንድ ቋሚ መሪ አልነበረውም፤ አሠልጣኞቹ በየተራ ይመሩ ነበር። ባክን ተራው ውስጥ አላስገቡትም። ማረፊያዎቹ ጋም እንዲቆም አላደረጉትም። ሥራው ልጆቹን ማስተማር ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ከሂዩስተን ጋር ሲጫወቱ ዳኛው ሁለት የካብስ አሠልጣኞችን አባረረ። የሦስተኛው ማረፊያ ቦታ ሰው አጣ። ባክ እዚያው ቁጭ ብሏል። ቡድን 8 ዓመት የመራ ሰው ነው። አሁንስ ይጠሩኛል ብሎ ጠበቀ። አልጠሩትም። ሜዳው ዳር፣ ወርዋሪዎች ሰውነታቸውን ከሚያሟሙቁበት ጥግ፣ ሌላ አሠልጣኝ አስጠርተው አቆሙ። ባክ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ይህ ነገር እንደቆረቆረው በኋላ ተናግሯል። በዚያ ዓመት ካብስ 103 ጊዜ ተሸነፈ። ለሦስተኛው ማረፊያ የሚሆን ሰው ግን አጠገባቸው ነበር።

በዚህ ነገር እኛ አስተማሪዎቹ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን ባክ ጥሎ መሄድ ነበረበት አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ቢሄድ ኖሮ እነዚያን የገጠር ልጆች ማን ያመጣቸው ነበር አልን። አልተስማማንም። እናንተም ተወያዩበት። ባክ ግን አልሄደም። እስከ 1988 ለካብስ ልጅ ሲመለምል ቆየ። ከዚያ በኋላም ለካንሳስ ሲቲ ሮያልስ ሠራ።

በ1990 በካንሳስ ሲቲ የጥቁሮች ሊግ ቤተ መዘክር ተቋቋመ። ባክ ከመሥራቾቹ አንዱ ነው። በ1994 ስለ ቤዝቦል ታሪክ የተሠራ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ። በዚያ ፊልም ባክ ስለ ጥቁሮቹ ሊግ ተረከ። ሕዝቡ ያን ጊዜ አወቀው፤ ዕድሜው 82 ነበር። በ1995 ያ የሳራሶታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠራው። በልጅነቱ ያልተቀበለው ትምህርት ቤት በ83 ዓመቱ የክብር ዲፕሎማ ሰጠው። ሽበታም ሆኖ ተቀበለ። በእርጅናችን ፊደል ቆጠርን ብላችሁ የምታፍሩ ካላችሁ ይህን ለጎረቤት አንብቡለት።

ስለ 2006 ሳንናገር አናልፍም። ኩፐርስታውን በምትባል ከተማ የታላላቅ ቤዝቦል ሰዎች የክብር አዳራሽ አለ። በዚያ ዓመት ከጥቁሮቹ ሊግ ዘመን 17 ሰዎች ለክብሩ ተመረጡ። ባክ እጩ ነበር፤ የተቆጠረለት ድምፅ አልበቃም። ብዙ ሰው ተቆጣ። የተመረጡት 17ቱም ሞተዋል። ስለ እነሱ ቆሞ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ባክን ጠየቁት። እሺ አለ። በሐምሌ ወር መድረክ ላይ ወጥቶ፣ እሱን ትቶ ስለ እነሱ ተናገረ። ሰውን መጥላት አልተማርኩም አለ። የመጣውን ሕዝብ እጅ ለእጅ አያይዞ አዘፈነ። በዚያው ወር ካንሳስ ሲቲ ውስጥ በአንድ የታችኛው ሊግ የምርጦች ጨዋታ ላይ በ94 ዓመቱ ዱላ ይዞ ቆሞ ነበር። ወርዋሪው ሆን ብሎ ከዱላው አርቆ ወረወረለት። በሕጉ መሠረት እንዲህ የተደረገለት መቺ ሳይመታ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ይሄዳል። ባክም ሄደ፤ የድሮ ቦታው ነው።

በጥቅምት ወር 2006 ሞተ። በ2007 ሮያልስ በስታዲየሙ ሰማያዊ ወንበሮች መካከል አንድ ቀይ ወንበር አደረገ። ባክ ጨዋታ ይመለከትበት የነበረው ቦታ ነው። በጨዋታ ቀን ለሰፈሩ ሕዝብ መልካም የሠራ ሰው ተመርጦ እዚያ ይቀመጣል። የክብር አዳራሹ ባክን የመረጠው በ2021 መጨረሻ ነው። ስሙና መልኩ በነሐስ ተቀርጾ ግድግዳው ላይ የወጣው በሐምሌ 2022 ነው፤ ከሞተ 16 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው። ከእሱ ተማሪዎች ኧርኒ ባንክስ እዚያው አዳራሽ የገባው በ1977 ነበር። ሉ ብሮክ በ1985 ገብቷል።